ድምፅ ማጉያውን ዝጉልን፣ ኳሷን እንስማት!

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ፑል የሚጫወቱት በዓይንዎ ነው በጆሮዎ?»

እንዲህ ያለኝ ከሥራ መልስ ዘወትር ጎራ የምልበት የፑል ቤት ባለቤት ነው። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? «እባክህ ይህን ሙዚቃ ትንሽ ዝቅ አድርግልን» ማለቴ ነው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ወጣቶቹ ስቲካቸውን ተደግፈው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ! መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው። የእኔ ቢጤ ሰነፍ ተከራካሪ መልስ የሚመጣለት ሁልጊዜ ደጃፉን ከተሻገረ በኋላ ነውና ይኸው ዘግይቼ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ። በሁለቱም ነው፣ ወንድሜ! በሁለቱም ነው የምጫወተው። አንተ ግን አንደኛውን ከሰባት ዓመት ወዲህ ነጥቀኸኛል።

ማነጣጠር የዓይን ሥራ ብቻ ነው የሚለው እምነት በከተማችን ፑል ቤቶች ሁሉ እንደ ሃይማኖት ቀኖና የጸና ነው። ትምህርቱንም አውቀዋለሁ። ልታስገባት የፈለግሃትን ኳስ ከቀዳዳው ጋር በሐሳብህ መስመር አገናኛት፤ ከጀርባዋ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ሌላ ኳስ ተለጥፋ እንዳለች አድርገህ ቁጠር፤ ነጯን ኳስ ሄደህ በዚያች በሌለችው ኳስ ቦታ ላይ አሳርፋት። እውነት ነው፤ እንከን የለበትም። ነጯ የሌላዋን ግማሽ ሸፍና ስትመታት የተመታችው 30 ዲግሪ ያህል ዘወር ብላ ትሄዳለች። ይህ ጂኦሜትሪ ነው፤ ከጂኦሜትሪ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ የሚጀምረው ኳሷ ስትስት ነው። መደበኛ የፑል ኳስ ከዳር እስከ ዳር 57 ሚሊሜትር ያህል ናት። በዚህች ላይ የአንዲት ሚሊሜትር መዛነፍ ኳሷን ከቀዳዳው አፍ አንገጫግጮ ይመልሳታል። ሁለቱ ኳሶች ተነካክተው የሚቆዩት ደግሞ አንድ ሺሕኛ ሴኮንድ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ይህን የትኛው ዓይን ነው የሚያየው? ዓይን የሚያውቀው ውጤቱን ነው፤ «ሳተች» ብሎ ይፈርዳል፤ እዚያው ላይ ያበቃል። ለምን ሳተች? አወፈርካት ወይስ አሳሳሃት? ወይስ ማዕዘኑ ልክ ሆኖ ሳለ ስቲክህ ነጯን መካከሏን ስቶ ጎኗን ነካት? ይህን የሚያውቀው ጆሮ ነው።

እስቲ ጸጥ ያለ ቤት ብታገኙ (መብራት የጠፋ ዕለት ቀን ቀን ይገኛል) ሞክሩት። ነጯን በአንድ ዓይነት ጉልበት እየመታችሁ ስሙ። ፊት ለፊት የተጋጨች ኳስ «ቷ!» ትላለች፤ ጥርት ያለ፣ ደረቅ ድምፅ ነው። ጠርጋ ያለፈቻት ግን «ጢክ» ብላ ታልፋለች። ምክንያቱ ጥንቆላ አይደለም። ነጯ 60 ዲግሪ በሚያህል ቅጥነት ስትጠርጋት፣ በቀጥታ ወደ ኳሷ እምብርት የሚሄደው ፍጥነት ከጠቅላላው ግማሹ ብቻ ነው፤ ግጭቱ ሲለዝብ ድምፁም ይለዝባል። እንግዲህ «ቷ» እና «ጢክ» በሚሉት መካከል ያለውን ደረጃ ሁሉ ጆሮው የለመደ ሰው፣ ኳሷ ቀዳዳው ዘንድ ሳትደርስ ገና መንገድ ላይ እያለች «ወፈረች» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ የሚያደርጉ አንድ ሽማግሌ አውቅ ነበር። ወጣት ሳለሁ ከመታሁ በኋላ ኳሷን በዓይናቸው አይከተሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጠመኔያቸውን ስቲካቸው ላይ እያሹ «አልገባችም» ይሉኛል። አልገባችም። ሟርተኛ ይመስሉኝ ነበር።

የስቲኩም ድምፅ አለ። ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ነጯን እምብርቷ ላይ ስታገኛት ድምፁ ድፍን ያለ ነው፤ ስትንሸራተት ግን ሰነጠቅ ያለ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ ትሰጣለች። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ቆይታ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስቲኩ ነጯን ሲመታ አንድ፣ ነጯ ሌላዋን ስትመታ ሁለት። ኳሷ አንድ ሜትር ርቃ ከነበረና በአንዱና በሁለቱ መካከል ግማሽ ሴኮንድ ካለፈ፣ ነጯ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ገደማ ሄዳለች ማለት ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጋልብ በጠረጴዛ ርቀት የሚዘገየው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ማንም ተጫዋች ይህን እየደመረና እያካፈለ አይጫወትም፤ እግዜር ይሰውረን። ሙዚቀኛ ምቱን እንደሚይዝ ሁሉ ግን ሰውነት ይህን ቆይታ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ምት ላይ ክንድ ራሱ ያስታውሰዋል።

«ታዲያ ድምፁ የሚመጣው ከተመታ በኋላ አይደለም? ከተመታ በኋላ የሚመጣ ነገር እንዴት ለማነጣጠር ይረዳል?» የሚለኝ አይጠፋም። ብልህ ጥያቄ ነው፤ ለአንዲት ምት ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ በጆሮ ያነጣጠረ ሰው የለም፤ እኔም አለ አልልም። ነገር ግን ማን ነው አንዲት ኳስ ብቻ መትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ? የዛሬዋ ምት የነገዋ መምህር ናት፤ መምህሯን አፏን ዘግተን ስናበቃ ደቀ መዝሙሩ ሰነፈ ብለን እናማዋለን።

ደግሞም ከምት በፊት በድምፅ ማነጣጠር በዓለም ላይ የለም ብላችሁ እንዳትምሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1992ቱ የክረምት ፓራሊምፒክ ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ስፖርተኞች ባያትሎን ይወዳደራሉ። በበረዶ ላይ ይሮጣሉ፤ ከ10 ሜትር ርቀትም ዒላማ ይመታሉ። በምን? በጆሮ ማዳመጫ በሚመጣላቸው ድምፅ ነው። የመሣሪያው አፈሙዝ ወደ ዒላማው እምብርት በተጠጋ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ይተኩሳሉ። አንድ ሰው ምንም ሳያይ ዒላማ ይመታል፤ እኛ ሁለት ዓይን ይዘን ጆሯችንን በጥጥ ብንወትፈው ምንም አይጎድልብንም እንላለን።

ሩቅ አገር ምን ወሰደኝ! እናቶቻችን ገበያ ወጥተው ጀበና ሲመርጡ በዓይናቸው ካገላበጡ በኋላ በጣታቸው ኳ ኳ የሚያደርጉት ለምንድን ነው? ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ስለሚሰማው ነው። ባለ ጀበናዋ ያን ጊዜ ተነሥታ ከበሮ ብትደልቅ ሌባ ናት እንላለን። የፑል ቤቱን ባለቤት ግን ዘመናዊ ነው እንለዋለን።

በነገራችን ላይ የኳስ ድምፅ ታሪክ ያለው ነገር ነው። ጥንት የቢሊያርድ ኳስ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት በ1860ዎቹ መጨረሻ ከሴሉሎይድ ጋር የታገለው የዝሆን ጥርስን የሚተካ ነገር ፍለጋ ነው። ታዲያ የእሱ ኳሶች አንዳንዴ በኃይል ሲጋጩ እንደ ጥይት ካፕሱል ጧ ይሉ ነበር አሉ። ራሱ ሃያት በኋላ እንደተናገረው፣ የኮሎራዶ አንድ ባለ መጠጥ ቤት «እኔስ ግድ የለኝም፤ ችግሩ ኳሷ ጧ ባለች ቁጥር ቤት ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ሽጉጡን መምዘዙ ነው» ብሎ ጽፎለታል። ዛሬ የምንጫወትባቸው ኳሶች ከጠንካራ ሙጫ የሚሠሩ ናቸው፤ አይፈነዱም። በእኛ ፑል ቤት ቢፈነዱም የሚሰማቸው የለም።

የባለቤቱን ክርክር አላቃልልም። ቤት ኪራይ አለበት፤ ሙዚቃ ከሌለ ወጣት አይመጣም ይላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔም በዕድሜያቸው ሳለሁ ጩኸት እወድ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሙዚቃው ከአንዲት ቴፕ ነበር የሚመጣ፤ አሁን ቁመቱ የሰው ቁመት የሆነ ድምፅ ማጉያ በአራቱም ማዕዘን ቆሞ ደረታችንን ይደልቀናል። ነጯን ስመታ የሚሰማኝ የእሱ ምት ነው፤ የእኔ አይደለም። ወጣቶቹስ ቢሆኑ ደንበኛ ናቸው ተብሎ ጨዋታውን እንዳይማሩ ይፈረድባቸዋል? ዓመት ሙሉ ይመታሉ፤ ከዓመት በኋላ ያው በዚያው ማዕዘን ይስታሉ፤ ከዚያ ስቲኩ ጠሟል ይላሉ።

እስካሁን በጨዋታ መልክ ተናገርሁ እንጂ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለ12 ዓመት አብሮኝ የተጫወተ ጓደኛ ነበረኝ። የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይከፍላል፣ ሻይም ይጋብዛል፤ ከዚህ ያለፈ ውርርድ አልነበረንም። አምና አንድ ምሽት ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀርታ ነጯ አጠገቧ፣ ወረቀት በማያሳልፍ ርቀት ቆማለች። መታሁ፤ ጥቁሯ ገባች። «ሁለት ጊዜ ነክተሃታል» አለኝ። ኳሶች እንዲህ ተጠጋግተው ሲቆሙ ስቲኩ ነጯን ደግሞ ሊነካት ይችላል፤ ይህ ጥፋት ነው፤ ድምፁም «ተ-ተክ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። «አልነካሁም» አልሁ። ዙሪያችን የቆሙትን ጠየቅን። ማን ሰምቶ? ድምፅ ማጉያው ነበራ የሚሰማው! አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ለምስክርነት ይሁን ለእስክስታ አላውቅም። ጓደኛዬ የጠረጴዛውን ከፈለ፤ ሻዩን ግን አልጠጣም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣ ነቅነቅ አድርገን እንተላለፋለን።

ሐቁን ልናገር? ነክቻት እንደሆነ እኔም አላውቅም። እጄ አልነገረኝም፤ ጆሮዬን ደግሞ ተከልክያለሁ። አጭበርባሪ ልሁን ሐቀኛ ሳላውቅ ዓመት ሞላኝ።

ስለዚህ ባለ ፑል ቤቶች ሆይ፣ ቅዳሜና እሑድ የእናንተ ይሁን፤ ጣሪያውን አንሡት። ከሰኞ እስከ ኀሙስ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ግን ማጉያውን ዝጉልን፤ ስለ ዝምታው በጨዋታ ትንሽ ጨምሩብን፣ እንከፍላለን። የዚያን ዕለት ሄጄ ጓደኛዬን እጠራዋለሁ። ሁለቱን ኳሶች በነበሩበት ቦታ እናቆማቸዋለን። እኔ እመታለሁ፤ እሱ ይስማ።