የድሮውን የቆዳ መጋዘን ለዶሮ ከመስጠታችሁ በፊት

በአንድ ሌሊት 31 ዶሮ አልቆብኛል። ሸለምጥማጡ የበላው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ የቀሩትን አንገታቸውን እየነከሰ ጥሏቸው ሄደ። ጠዋት በሩን ከፍታ ያየችው ባለቤቴ ናት። እኔ ሞያሌ ላይ የተያዘብኝን ጭነት ለማስለቀቅ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዤ ነበር። ስትደውልልኝ «ለዶሮ ነው እንዴ የደወልሽው?» ብዬ ዘጋሁባት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ እነዚያን ሦስት ሳምንታት ልጆቼን ያበላው የእንቁላሉ ገንዘብ ነበርና።

የእኛ ገንዘብ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የቀንዱን ከብት፣ በጉንና ፍየሉን በሙሉ ስትከለክል፣ በሩ እስኪከፈት 2009 ደርሷል። በ2020 መጨረሻ የጀመረው ድርቅ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ አሳጣን። እንዲህ ባለው ጊዜ ቤት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ብር የሚያስገባ ነገር ያለው ነጋዴ ኮርማውን በርካሽ አይጥልም። ስለዚህ በየግቢያችን ተዘግቶ የቆመው አሮጌ መጋዘን ዶሮ ቤት ይሁን የምትሉትን እደግፋለሁ። የምቃወመው ጠርጎ፣ ቆጥ ሰቅሎ፣ በማግስቱ ዶሮ ማስገባቱን ነው።

ከወለሉ እንጀምር። ብዙዎቻችን ያለን የቆዳ መጋዘን ነው፤ ቆዳ ደግሞ በጨው ነው የሚቀመጠው። ዓመታት የጠጣው ወለል ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዶሮ ይለቅመዋል። ጨው ሲበዛ ዶሮን ይገድላል፤ ውኃ ካጠራት ደግሞ ይፈጥናል። እኔ አፈሩን ወደ ሁለት ስንዝር አስወጥቼ በአዲስ አፈርና በጠጠር አስደለደልሁት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ድንገት የሞተ ከብት ቆዳ ገብቶበት ያውቃል ብላችሁ የምትጠረጥሩት ቤት ከሆነ አትቆፍሩት። አባ ሰንጋ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ለዶሮ ብላችሁ ራሳችሁን አትጣሉ፤ ሌላ ቤት ፈልጉ። የመዥገር መድኃኒት የፈሰሰበት ጥግ፣ አሮጌ ጣሳና ጠርሙስ ካለም ዶሮ ከመግባቱ በፊት ይውጣ።

ግድግዳው ከወለሉ የባሰ ነው። የዶሮ መዥገር ቀን በጭቃው ስንጥቅ ተደብቆ፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጣል። ዶሮዋ ትገረጣለች፣ እንቁላል ታቆማለች፣ እናንተ ቀን ገብታችሁ ስታዩ አንድም መዥገር የለም። ደም ሳያገኝ ከዓመት በላይ መቆየት ስለሚችል «ቤቱ እኮ ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር» ማለት ዋስትና አይሆንም። ስንጥቁን ሁሉ ፍቆ እንደገና መምረግ፣ ከዚያ በኖራ መቀባት ያስፈልጋል። ቆጡም ግድግዳውን ባይነካ ጥሩ ነው። ለከብት የምንረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ ዶሮ ላይ መርጨት ግን፣ ስንቶቻችን እንደምናደርገው አውቃለሁ፣ ከመዥገሩ የከፋ ጥፋት ነው። የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

እነዚያን 31 ዶሮዎች ያስፈጀኝ ሽቦው ነው። ገበያ ላይ «የዶሮ ሽቦ» የሚባለው ቀጭን ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይከለክልም፤ ተነክሶ ይቀደዳል፣ ተገፍቶ ይከፈታል። አሁን ያስገባሁት በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከጣት ውፍረት የማይበልጥ ነው። ዋጋው አስደንግጦኝ ነበር፤ ሳሰላው ሁለት ሙክት አልሞላም። በመስኮቱ ብቻ ሳይሆን በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተትም ዞሮበታል። ከደጅ በኩል በግድግዳው ሥር ስንዝር ተኩል ተቀብሯል፣ በሩ ሥርም የድንጋይ ደፍ አለ። አውሬው ባለፈው የገባው በጣራው ክፍተት ነበር፤ እኛ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፈን ተኝተናል።

መጋዘን የሚሠራው ሌባ እንዳይገባ ስለሆነ ጨለማና የታፈነ ነው። ዶሮ ደግሞ አያልባትም፤ እያለከለከች ነው ሙቀት የምታወጣው። በቆላ ሁለቱን ትይዩ ግድግዳዎች ከላይ መክፈት ግድ ነው። አራት በአምስት ሜትር በሆነው ቤት 80 ዶሮ አኑሬያለሁ፤ 100 ይይዛል ይሉኛል፣ በእኛ ሙቀት አልሞክረውም።

ስለ ፈንግል ብዙ አልልም፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዓይን ላይ የሚንጠባጠብ ሙቀት ቻይ ዓይነትም አለ፣ በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት። የሚያሳስበኝ በሽታውን የምናመጣው እኛው መሆናችን ነው። ከገበያ እግሯን አስረን በመኪና ጭነት ላይ ያመጣናትን ዶሮ ያንኑ ማታ ከሌሎቹ ጋር እናስገባታለን። ከብታችን ኳራንቲን ሲገባ እንጮሃለን፣ ለዶሮዋ ሁለት ሳምንት ለብቻ ማቆየት ይከብደናል። የዶሮ ቤቱን ጉዝጓዝም ከብት የሚያርፍበት በረት ውስጥ አትድፉ። ውስጡ የሞተች ጫጩት ካለች የሚፈጠረው መርዝ ከብትን ሽባ አድርጎ ይገድላል። ጭነት ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው ይህ ቢደርስባችሁ አስቡት።

የመጨረሻው ነገር ገንዘቡ ነው። የዶሮው ገቢ ወደ ከብቱ ሒሳብ መሻገር የለበትም ባይ ነኝ፤ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፣ «ገንዘብ ገንዘብ ነው» ይላሉ። እኔ አንድ ጊዜ «ለሦስት ቀን» ብዬ ወስጄ ለሾፌር ከፈልኩት። መኖ ሳይገዛ ቀረ፣ ዶሮዎቹ መጣል አቆሙ። አሁን የቤቱ ቁልፍም ደብተሩም ባለቤቴ ዘንድ ነው። የእኔ ዕዳ እዚያው ደብተር ላይ ተጽፏል፤ ግማሹን ከፍያለሁ።