ከሞተሩ በፊት መተላለፊያው፦ ስለ ተገጣጣሚ የሞዴል ሐዲድ አንድ አስተያየት

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ሲሆን፣ ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ግን ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ነው፤ ሁለቱም ከዚያ ሐዲድ ከረዘሙ መተላለፍ አይችሉም። ስለዚህ የባቡርን ርዝመት የሚወስነው የሎኮሞቲቭ ጉልበት ብቻ አይደለም።

ይህን ለተማሪ በተግባር ለማሳየት በገበታ በገበታ የሚገጣጠም የሞዴል ሐዲድ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ልኬቱ ካልታሰበበት ያሳስታል። በ1ለ87 ልኬት 700 ሜትር የሚረዝም ባቡር 8 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአንዱ ገበታ ርዝመት 1.2 ሜትር ቢሆን መተላለፊያው ብቻ ሰባት ገበታ ይፈልጋል። ሬዲየሱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሞዴል ኩርባም በእውኑ መስመር 52 ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ረጅም የጭነት ባቡር እንዲህ ባለ ጠባብ ኩርባ አይሄድም።

በእኔ እምነት፣ ትልልቅ ባቡሮችን ለማስተናገድ የሚሻ ቤተ ሙከራ ኃይለኛ ሞተር ከመግዛቱ በፊት መተላለፊያውን ሊያስረዝም፣ ኩርባውንም ሊያሰፋ ይገባል። ክፍሉ ከጠበበ ባቡሩና መተላለፊያው በእኩል ምጣኔ ይጠሩ። የመጎተት ኃይል ጥያቄ ግን ለስሌት ይተው፤ ርዝመት በ87 እጅ ሲያንስ ክብደት በዚያው መጠን አያንስምና። የምሥራቁን ነጠላ መስመር ነገ የሚመሩ መሐንዲሶች ይህን ልዩነት ዛሬ በገበታ ላይ ቢማሩት ይሻላል።