የጥርስ ካሣ በደረሰኝ ነው

ጤነኛ ጥርሱ ተነቅሎ የታመመው የቀረለት ሰው ጠበቃ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያነሳው ስቃዩን ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋ፣ ሰው ፊት መሳቅ እንዴት እንዳሳፈረው ይዘረዝራል። ሕጉ ግን በዚህ በኩል እጀ ሰባራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞራል ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 ወስኗል። ያኔ ገንዘቡ ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የግል ክሊኒክ አንድ ጥርስ በወጉ አያስሞላም።

ለገንዘብ ኪሳራ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት ካለም እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲከፈል ቁጥር 2092 ይፈቅዳል። በመጪው ዓመት የሚተከለው ኢምፕላንት፣ ሌላ ሐኪም ያነሳው ራጅ፣ ከሥራ የተቀረባቸው ቀናት ሁሉ በዚህ ይገባሉ። የጥርስ ክስ መቆም ያለበት እዚህ መሠረት ላይ ነው፤ እንባ የበዛበት አቤቱታ ዳኛውን ቢያሳዝንም ሒሳቡን አይለውጥም።

ከሒሳቡ በፊት ግን ጥፋት መረጋገጥ አለበት። ቁጥር 2031 ባለሙያውን የሚመዝነው በሙያው ደንብ ነው፤ ሐኪሙ በውሉ የሚገባው ግዴታም የሚችለውን ያህል መጣር ነው እንጂ ፈውስ ማምጣት አይደለም። ብዙ ከሳሾች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሲነቀል አጠገቡ የሚያልፈው ነርቭ ሊነካና ከንፈር ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። ይህ በጥንቁቅ እጅም ይደርሳል። ጥያቄው ሐኪሙ አስቀድሞ ራጅ አይቶ ነበር ወይ፣ አደጋውንስ ለታካሚው ነግሮት ነበር ወይ የሚለው ነው። የጥርስ ሥር ሲጠረግ ቀጭኗ መሣሪያ ውስጥ ብትሰበርም ስብራቱ ብቻውን ጥፋት አይባልም፤ ሰብሮ ዝም ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተሳሳተ ጥርስ መንቀል ብቻ ነው ብዙ ክርክር የማያሻው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ካያቸው 60 አቤቱታዎች ጥፋት ያገኘው በ14ቱ ነበር። አብዛኞቹ አቤቱታዎች የቀረቡት ሰው ሞቶ ወይም አካሉ ጎድሎ ነው። አንድ መንጋጋ ያጣ ሰው እዚያ ወረፋ ውስጥ ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

በፈረንሳይ ማርሴይ አንድ የጥርስ ሐኪምና አባቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎችን ጥርስ በማበላሸት እ.ኤ.አ. በ2022 ልጁ በ8፣ አባቱ በ5 ዓመት እስር ተቀጥተዋል። እዚያ የሕዝብ የጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ይሸፍን ስለነበር የሥራው ብዛት ከክፍያ ሰነድ ይነበብ ነበር። እኛ ዘንድ ታካሚው በአብዛኛው ከኪሱ ከፍሎ ይወጣል፤ ካርዱና ራጁ የሚቀሩት ነገ ተከሳሽ ሊሆን በሚችለው ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ ነው። ክሊኒኩ በቀጠራቸው ባለሙያዎች ጥፋት ኃላፊ መሆኑን ሕጉ ስለሚደነግግ፣ ሰነዱን የያዘው አካል ሰነዱ እንዲገኝ የሚጓጓበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ቅጂውን መጠየቅ የሚበጀው ጠብ ሳይነሳ ነው።

የጊዜው ነገርም አለ። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ለውል የተቀመጠው መደበኛ ይርጋ ግን 10 ዓመት ነው። የግል ክሊኒክ ታካሚ ውል አለው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጠንቃቃ ጠበቃ ግን በዚህ ተማምኖ 2 ዓመቱን አያሳልፍም።

በጊዜ የሚጎዱት በተለይ ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥተው ዋጋው ቀለል ስለሚል እግረ መንገዳቸውን ጥርሳቸውን የሚያሠሩት ናቸው። ጉድለቱ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ከተመለሱ በኋላ ይወጣል፤ የሁለተኛው ሐኪም ሪፖርት ተተርጉሞና ተረጋግጦ፣ ውክልናው ከኤምባሲ ተልኮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ያኔም ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ከሕክምናው በፊት የተነሳውን ራጅና ዝርዝር ደረሰኙን ነው።