«ማን ነገረህ?» ማለት ነውር አይደለም



ከከሚሴ፣ ከባቲና ከሰንበቴ ወደዚህ ግቢ የመጣን ተማሪዎች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ግማሹ ወሬ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው። ከዒሻ በኋላ ሲደምቅ ስለ ጨረቃ ይጀመርና ስለ ይፋት ሱልጣኔት ይቀጥላል፤ መጨረሻው የባቲ የሰኞ ገበያ የፍየል ዋጋ ይሆናል። አንዳንድ ታላላቆቻችን ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ይሉናል። እኛ አንስማማም። በመድረሳ የቀራነውና በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርነው የሚገናኙት ብዙ ጊዜ እዚሁ ጭውውት ላይ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ስለ ሐዲስ አይጠይቀንም፤ ኡስታዙም ስለ ኤሌክትሮን አይጠይቀንም። ጓደኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ምሽት ይጠይቃል።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። በጓደኛሞች መካከል «ማን ነገረህ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ስድብ እየተቆጠረ መጥቷል። የጠየቀው ሰው «ውሸታም ልትለኝ ነው?» ይባላል፤ ጨዋታ አበላሽ ተብሎም ዝም ይላል። ሰው ላለማስቀየም ዝም በተባለ ቁጥር ወሬው እየሰፋ ይሄዳል።

አንድ የቆየ ወሬ እንውሰድ። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ አዛን ሰምቶ ሰለመ የሚለውን ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ሰውየው በሕይወት ሳለ ይህ እንዳልሆነ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወሬው እውነት አለመሆኑን ለኤምባሲዎቹ እስከ መጻፍ ደርሷል። ድምፅ ለመጓዝ አየር ወይም ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ ጨረቃ ላይ ደግሞ አየር የለም። ይህ ሲነሣ «አላህ ካለ ያሰማዋል» የሚል አይጠፋም። አላህ በሁሉ ነገር ላይ ቻይ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ጥያቄው ሰውየው «ሰማሁ» ብሏል ወይ የሚለው ነው። እሱ አላልኩም ካለ እኛ በእሱ ስም የምንናገርበት ምን መብት አለን? ወሬው ዲናችንን የሚያወድስ መስሎ ስለታየን ሳንጠይቅ የምናሳልፈው ከሆነ ዲኑን አላከበርነውም። እስልምና የማንም ጠፈርተኛ ምስክርነት አይጎድለውም።

ሌላም አለ። «ዛሬ ሌሊት ከ12:30 እስከ 3:30 አደገኛ የጠፈር ጨረር ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ» የሚለው መልእክት ለዓመታት ዓለምን ሲዞር ኖሯል። የጠፈር ጨረር በአንድ ሌሊት መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ ምድር ይመጣል፣ አብዛኛውን የምድር መግነጢሳዊ መስክና ከባቢ አየር ይከላከሉታል። ስልክ ማጥፋት ለዚህ የሚጨምረው ነገር የለም። ሰዓቱንስ አስተዋላችሁት? በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 12:30 ጎሕ ቀድዶ ሱብሒ የተሰገደበት ሰዓት ነው። መልእክቱን ያስተላለፈው ሰው ሰዓቱን እንኳ ወደ አገራችን አልመለሰውም።

ወደ ታሪክ ስንመጣ ፈተናው ይብሳል፤ የምንወደው የራሳችን አካባቢ ነውና። «ሶሓቦች በዚህ መንደር አልፈዋል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ደስ ይለናል። ግን ደስ ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። በደዋ ጨፋ ወረዳ በተራራ ላይ ያለችው የሾንኬ መንደር የድንጋይ ቤቶቿና የዑለሞቿ ስም ይበቋታል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙትን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የአረብኛ የእጅ ጽሑፎችንም አባቶች በቃል ያቆዩትንም መርምረዋል። የአገራችንን ታሪክ መውደድ እንዲህ ነው።

«እናንተ ደግሞ፣ ይሄ እኮ ቻት ነው፤ ክፍል አታድርጉት» የሚሉን አሉ። ቀልድ ቀልድ ሆኖ ይቀጥል፤ ማንም ለቀልድ ማስረጃ አይጠይቅም። ነገር ግን በዚያው ግሩፕ «መንገዱ ሰላም ነው፣ ኑ» የሚል መልእክትም ይመጣል። ለዒድ ወደ ቤት የምንሄደው ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን አልፈን ነው። ተማሪው ሻንጣውን የሚያነሣው፣ ወይም እናቱን «ዘንድሮ አልመጣም» የሚላት፣ በዚያ አንድ መስመር ላይ ተመሥርቶ ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በአጣዬና በዞናችን አካባቢ ደም ሲፈስ፣ እውነተኛው መርዶና ያልተጣራው ወሬ በአንድ ስልክ ይገቡ ነበር። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ጎን ለጎን የሚሸጡና የሚገዙ ጎረቤታሞችን ለማቃቃር አንድ ምንጩ የማይታወቅ ቮይስ ይበቃል።

መፍትሔውን ከውጭ አንፈልግም፤ በእጃችን ነው። ሸኾቻችን ኪታብ ሲያቀሩን እነሱም ከማን እንደቀሩ ይነግሩናል። የሐዲስ ሊቃውንት «ሰሚዕቱ» ያለውንና «ዐን» ያለውን ዘጋቢ ለይተው መርምረዋል፤ በጆሮ መስማትና «ከእገሌ ተይዞ» ማለት አንድ አይደሉምና። ማንም ዘጋቢ ሰነድህን አምጣ በመባሉ ተሰደብኩ አላለም። በላብራቶሪም መለኪያው ያልተጻፈበትን ቁጥር መምህራችን አይቀበለንም። ሱረቱል ሑጁራትም አስተማማኝ ካልሆነ ሰው የመጣን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንልመድ። አንደኛ፣ «አየሁ»፣ «ሰማሁ» እና «ፎርዋርድ ደረሰኝ» የሚሉትን እንለይ። ሁለተኛ፣ የመንገድ ወይም የጸጥታ ወሬ ሲሆን የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንዳየው እንጻፍ። ይህን የማይመልስ መልእክት ከእኛ ዘንድ ይቁም። ሦስተኛ፣ «አላውቅም» ማለትን አንፈር። ኢማም ማሊክ 48 ጥያቄ ተጠይቀው ለ32ቱ «አላውቅም» ብለው እንደመለሱ ተዘግቧል። እሳቸው ካላፈሩ እኛ ተማሪዎቹ ምን ያሳፍረናል?

ነገ ማታ አንዱ ወንድማችሁ በግሩፑ «ማን ነገረህ?» ቢላችሁ አትቀየሙት። ቃላችሁን ቁም ነገር ብሎ ስለያዘው ነው የጠየቃችሁ። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።