ነጻውን የትምህርት ዕድል ከደላላ አንግዛ!



ውድ ጀመዓዎች! የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲነሳ በየሰፈራችን የሚናፈስ አንድ ወሬ አለ፦ «ሰው ካላወቅክ ወይም ገንዘብ ካልከፈልክ አታገኝም።» ይህ ወሬ በሁለት በኩል እየጎዳን ነው። ያለው ጥሪቱን ሸጦ ለደላላ ይከፍላል፤ የሌለው ሳይሞክር ተስፋ ይቆርጣል።

እውነታው ሌላ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በጥር ተከፍቶ በየካቲት አጋማሽ ይዘጋል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነና ቢያንስ 70 በመቶ ውጤት ያለው ያመለክታል፤ ለሕክምና 90 በመቶ ይጠየቃል። ላለፈ ተማሪ የትምህርት ክፍያው፣ ማደሪያው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርቱ ይሸፈንለታል። ለማስተርስ ዲግሪ የሚሰጠው የእንግሊዝ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕም ማመልከቻው በነጻ ነው፤ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ግን ይጠይቃል። ለእነዚህ «የማመልከቻ ዋጋ» የሚቀበለን ደላላ የሚሸጥልን በነጻ የተሰጠንን ነው።

ታዲያ ጎበዝ ልጆቻችን ለምን ይቀራሉ? አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። ሙሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በትምህርት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የትውልድ ዘመኑ በአንዱ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ይህን ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው የሚደረስበት አይደለም። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው፤ ተማሪውን በቅጡ የሚያውቅ መምህር ቀደም ብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ጉዳዩን ለአንድ ቤተሰብ ጥረት ብቻ አንተወው፤ የጀመዓ ጉዳይ እናድርገው! የመስጂድ ኮሚቴዎች የማመልከቻ ጊዜ ሲደርስ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያስታውቁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወንድሞችና እህቶች በሳምንት አንድ ከሰዓት መድበው የታናናሾቻቸውን ወረቀት ይመልከቱ፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ያካፍል። ወላጆችም ለወንዱ የምታስቡትን ያህል ለሴቷም አስቡ፤ መስፈርቱን ካሟላች በሩ ለእርሷም ክፍት ነው።

ሁሉም አመልካች ላያልፍ ይችላል። ነገር ግን አንድም ልጃችን መረጃ አጥቶ ወይም በደላላ ተዘርፎ መቅረት የለበትም። ሰበቡን እናድርስ፤ ውጤቱ የአላህ ነው!

አላሁ አክበር!