ሁለት «ጤናማ» ቁጥሮች እና የሰባ ጉበት

ኮልፌ ቀራኒዮ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከገጠርነት ወደ ከተማነት የተሻገረ ክፍለ ከተማ ነው። በዓለም ባንክና በካራ ቆሬ ዳርቻ ይታረሱ የነበሩ ማሳዎች ዛሬ የመኖሪያ መንደሮች ሆነዋል። ሲያርስና ሲያጭድ የሚውል ጉልበት ወደ ሱቅ፣ ወደ መሪና ወደ ጥበቃ ሥራ ዞሯል። ገበታው ግን የአራሽ ገበታ እንደሆነ ቀርቷል፤ እንዲያውም ስኳርና ዘይት ተጨምሮበታል። የዚህ ለውጥ ዕዳ በዝምታ ከሚከማችባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ጉበት ነው።

ከምግብ በኋላ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባ ያደርጋል። እንቅስቃሴ ሲቀንስና የሆድ ስብ ሲበዛ ግን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ቆሽትም ለማካካስ አብዝቶ ያመነጫል። ይህ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ይባላል። በዚህ ጊዜ ከሆድ ስብ የሚለቀቀው ቅባት ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጣል። በብዙዎች ላይ ሕመም የለውም። ዓመታት ቆይቶ ግን ጉበትን ሊያቆስል፣ ሊያጠብስስና ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል። በዓለም ከአሥር አዋቂዎች ሦስት ያህሉ የሰባ ጉበት እንዳላቸው ይገመታል።

በሀገራችን የጉበት በሽታ ሲነሳ የሚታሰበው የሄፓታይተስ ቫይረስ ወይም መጠጥ ነው። በ1990ዎቹ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ የገጠር ነዋሪዎችን የጎዳው የጉበት በሽታም መነሻው ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዛማ አረም ሆኖ ተገኝቷል። አሁን የሚመጣው ግን ቫይረስም አረምም የለውም፤ ቦርጭን «ኑሮ ተስማማው» ብሎ የሚያሞግስ ልማድም ይሸፍነዋል።

ምልክቱን ቀድሞ ማየት ይቻላል። ኢንሱሊንን ራሱን መለካት ውድ ነው፤ በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳርና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ግን በብዙ ላቦራቶሪዎች ይሠራል። ሁለቱ ተባዝተው ለሁለት ተካፍለው የተፈጥሮ ሎጋሪዝማቸው ሲወሰድ የኢንሱሊን ሬዚስታንስ ጠቋሚ ይገኛል። ለአብነት ስኳሩ 99፣ ቅባቱ 148 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን ሁለቱም ከተለመደው ወሰን በታች ናቸው፤ ታካሚው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ስሌቱ ግን 8.9 ይደርሳል። የጉበትን ስብ በመረመሩ አንዳንድ ጥናቶች መነሻ የተደረገው 8.5 ገደማ ነው። ለየብቻ ሲነበቡ ዝም የሚሉ ቁጥሮች በአንድነት ሲነበቡ ይናገራሉ። ጠቋሚው በሽታን አያረጋግጥም፤ ማን አልትራሳውንድ እንደሚያስፈልገው ለመለየት ግን ይጠቅማል።

ችግሩ የመነሻ ቁጥሮቹ ተውሶ መሆናቸው ነው። ይህ ስሌት የወጣው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ከሰሃራ በታች ላሉ አፍሪካውያን የተመከረው የወገብ ልክም (ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር) የራሳችን መረጃ እስኪገኝ ከአውሮፓውያን የተወሰደ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ኢንሱሊን ሬዚስታንስ እያለ ትራይግሊሰራይድ ዝቅ ብሎ መገኘቱም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ስሌቱ እዚህ ያለ ሰውን ሊያስደነግጥም ሊያዘናጋም ይችላል። በ1958 ዓ.ም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው፣ ዛሬ ግን ጠቅላላ ሕክምና የሚሰጠው የክፍለ ከተማው አለርት ሆስፒታልም ሆነ በዙሪያው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ይህን ወሰን በኢትዮጵያዊ ገበታና አካል ላይ ለመፈተን የሚያስፈልገው ታካሚ በየቀኑ ይመጣላቸዋል።

ገበታው ላይ ያለው ጉዳይ ከግል ምርጫ የሰፋ ነው። በድጎማ በሸማቾች ማኅበራት ሲከፋፈል የኖረው የሚረጋው የፓልም ዘይት በቅባቱ የሚታወቅ ነው። ጤፍ ሲወደድ ቤተሰብ ነጭ ዳቦና ፓስታ ያበዛል። ጾምም ሥጋንና ቅቤን እንጂ ዘይትንና ስኳርን አያስቀርም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን ታክስ ውስጥ አካቷል፤ ዳቦና ሻይ ግን ከዚያ ውጪ ናቸው።

አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ለዚህ የጉበት በሽታ ጠባሳ ደረጃ የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቅዳለች። ለአጠና ተራ ነጋዴ ግን ዛሬ በእጁ ያለው ሕክምና ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው፤ ይህ መጠን የጉበትን ስብና ቁስለት እንደሚያሻሽል ተረጋግጧል። መነሻው ደግሞ በባዶ ሆድ የተወሰዱት ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው መነበባቸው ነው።