ድምፅ አልባው ሞጁል

የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ካዘጋ ወዲህ “በኦንላይን ማስተማር” የሚለው አባባል ከስብሰባ አዳራሾች አልጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዕጩ ምሩቃን የመውጫ ፈተናን በኮምፒዩተር ይፈተናሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ማየት የተሳነው ተማሪ በዚህ ጉዞ ውስጥ የት ነው ያለው?

ብዙዎች ጥፋቱን በመሣሪያ እጥረት ያሳብባሉ። በከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ኤንቪዲኤ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ድምፁ ሸካራ ቢሆንም አማርኛም ይሞክራል። ዋናው እንቅፋት ያለው መምህሩ በሚልከው ፋይል ላይ ነው።

መምህሩ የመጽሐፉን ገጾች በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ወይም ፎቶ ኮፒውን ስካን አድርጎ ፒዲኤፍ ብሎ ይጭናል። ለሚያይ ተማሪ ይህ ጽሑፍ ነው። ለአንባቢው ፕሮግራም ግን ሥዕል ስለሆነ ዝም ይላል። የባሰው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበው ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ጽሑፎች ዛሬም አልጠፉም። ስክሪኑ ላይ “ሀ” መስሎ የሚታየው ለኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል ወይም ሌላ ምልክት ነው። ተማሪው የሚሰማውም ትርጉም የለሽ ድምፅ ይሆናል። (ሩብ ምዕተ ዓመት ያለፈው ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል!)

ፈተና ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ አለ። በጆሮው የሚያነብ ሰው ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ደጋግሞ ማዳመጥ ግድ ይለዋል። ሙድል በተባለው የማስተማሪያ ሥርዓት መምህሩ ለአንድ ተማሪ ብቻ ተጨማሪ ደቂቃ መስጠት ይችላል፤ ሳንቲም አያስወጣም። መስማት ለተሳናቸውም ቢሆን፣ ከሥሩ ጽሑፍ የሌለው የቪዲዮ ትምህርት ከዝምታ አይለይም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለመረጃና ቴክኖሎጂ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 24 ደግሞ ስለትምህርት በግልጽ ይደነግጋሉ። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቹ በአንድ ገጽ መመሪያ ሊጀምሩ ይችላሉ፦ ስካን የተደረገ ሥዕልና በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሞጁል አይጫን፤ የተጫነውንም አስቀድሞ ማየት የተሳነው ተማሪ ይሞክረው። የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም፤ ይህ ተማሪ ግን ገና የሚያነበው ሞጁል እየጠበቀ ነው።